አስቸጋሪ አውሬ ቢሆንም አሟሟቱ ይመለከተናል

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከሁለት ሳምንት በፊት በአስተያየት ዓምዳችሁ የወጣውን፣ ወደ መኖሪያ ቤትና ወደ እርሻ እየገቡ ስለሚያስቸግሩ የዱር እንስሳት የሚያትተውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው የገለጹት ምሬት እውነተኛ ነው። አዝመራው በአንድ ሌሊት የተገለባበጠበት ገበሬ፣ ከኮርኒሱ በላይ በሚሯሯጥ ነገር እንቅልፍ ያጣ ቤተሰብ፣ ጧት በረቱን ሲከፍት የተቦጫጨቀ ጥጃ የሚጠብቀው ከብት አርቢ የሚፈልገው መፍትሔ እንጂ ስለ ርኅራኄ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። ከጸሐፊው የምለየው መደምደሚያቸው ላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን እንስሳ ማንም ሰው፣ መቼም ጊዜ፣ በተገኘው መንገድ ሁሉ ቢያጠፋ ሕግ ጣልቃ ሊገባበት አይገባም ማለታቸውን ሳልመልስ ማለፍ አልቻልሁም።

በእንስሳት ሕክምና ሙያ ብዙ ዘመን ስለሠራሁ «በተገኘው መንገድ» የሚለው ሐረግ ከወረቀት ወርዶ የምርመራ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንድ ቀን ማለዳ አንዲት እናት በካርቶን ውስጥ ጉጉት ይዘው መጡ። ግቢያቸው ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ሲጠጉዋትም ሳትበርር አግኝተዋት ነው። ላባዋን ገለጥ ሳደርግ የክንፏ ሥር ጠቋቁሯል፤ ደም ለመውሰድ በመርፌ የወጋሁበት ቦታ ጥጥ ይዤ ብጠብቅም መድማቱን አላቆመም። ደም እንዳይረጋ ለሚያደርግ መርዝ ማርከሻ የሆነውን ቫይታሚን ኬ ሰጠኋት፤ ዘግይቶ ነበርና ከሰዓት በኋላ ሞተች። ወደ ላቦራቶሪ የላክሁት ናሙና ስላልነበረ በመሐላ የምመሰክርበት ጉዳይ አይደለም፤ ነገር ግን እናትየዋ ከሳምንት በፊት ጓዳቸው ውስጥ የአይጥ መርዝ ማስቀመጣቸውን ሲነግሩኝ የሚቀረኝ ጥያቄ አልነበረም።

የመርዙ አሠራር ለአንባቢ በደንብ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ብሮዲፋኩምና ብሮማዲዮሎን የተባሉት፣ በብዙ አገሮች ለአይጥ የሚሸጡት ኬሚካሎች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። አይጧ አንድ ጊዜ ከበላች በቂ ነው፤ ነገር ግን ወዲያው አትሞትም። ለቀናት ውስጥ ውስጡን እየደማች፣ እየደከመች፣ በቀን ብርሃን ጭምር ወጥታ እየተንገዳገደች ትቆያለች። በእነዚያ ቀናት ለጉጉት፣ ለጭልፊትና ለድመት ከእርሷ የቀለለ አደን የለም። በተለይ ብሮዲፋኩም የበላው እንስሳ ጉበት ውስጥ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ ጥቂት ጥቂት እየተጠራቀመ ኋላ ላይ የሚገድለው አይጥን ስናማርር ሳንከፍለው አይጥ ሲይዝልን የኖረውን ወፍ ነው። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ የእነዚህን መርዞች አጠቃቀም በእጅጉ የገደበችውም በዚህ ምክንያት ነው። ለጅብ ወይም ለአንበሳ ተብሎ ሬሳ ላይ የሚነሰነስ መርዝም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሬሳውን መጀመሪያ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ጥንብ አንሳ ነው፣ እርሱም ብቻውን አይወርድም።

ሕግ ወደዚህ ነገር የሚገባው እንግዲህ ለአውሬ አዝኖ ብቻ አይደለም። መርዝ፣ የሽቦ ወጥመድ፣ ፈንጂ የገባበትን ሁሉ የሚይዙ እንጂ ጥፋተኛውን ለይተው የሚይዙ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1979 በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ የተፈረመው የአውሮፓ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ መኖሪያ ጥበቃ ስምምነት ይህንኑ መነሻ አድርጎ፣ ለይቶ የማይዝን የአያያዝና የአገዳደል ዘዴ ሁሉ ፈራሚ አገሮች እንዲከለክሉ ያስገድዳል። በአባሪው ከተዘረዘሩት ውስጥ የሽቦ ወጥመድ፣ መርዝ፣ ፈንጂ፣ በጭስና በጋዝ ማፈን ይገኙበታል። ያው ስምምነት ግን ለገበሬው በሩን አልዘጋበትም። በሰብል፣ በከብት፣ በደን፣ በዓሣ ሀብት ላይ ከባድ ጉዳት ሲደርስ ወይም የሕዝብ ጤናና ደኅንነት አደጋ ላይ ሲወድቅ ከክልከላው ማፈንገጥን በአንቀጽ 9 ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው ሌላ አጥጋቢ መፍትሔ አለመኖሩንና እርምጃው የዝርያውን ህልውና የማይጎዳ መሆኑን ነው። «ሌላ አጥጋቢ መፍትሔ» የምትለዋ ሐረግ ላይ ቆም ብዬ ብቆይ አይፈረድብኝም፤ የዚህ ክርክር ማዕከል እርሷ ናትና። መግደል የመጀመሪያው ሐሳብ መሆኑ ቀርቶ፣ ሌላው ተሞክሮ ሲያበቃ የሚመጣ ውሳኔ ይሆናል ማለት ነው።

ጸሐፊው «ተባይ» የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ያህል ተጠቅመውበታል። አጠቃቀማቸው እንስሳው ከተፈጥሮው ጥፋተኛ ነው፣ ስለዚህም ምንም ቢደረግ ይገባዋል የሚል ፍርድ የተሸከመ ነው። ሰብል የሚበላው ግን ከመንጋው ጥቂቱ ሊሆን ይችላል፤ ከብት የለመደውም አንድ ያረጀ ወይም የቆሰለ አንበሳ ይሆንና የሠፈሩ ሰው በቁጣ ወጥቶ ያገኘውን ሌላ አንበሳ ይገድላል። ከአምስት አህጉራት የተውጣጡ 20 ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳ ቫንኩቨር ተሰብስበው፣ በዱር እንስሳት ላይ የሚወሰድ እርምጃ ሊመራባቸው የሚገቡ ሰባት መርሆዎችን አዘጋጅተው ነበር። ከሰባቱ የመጀመሪያው ግጭቱን የፈጠረውን የሰውን አሠራር መቀየር ሲሆን፣ የመጨረሻው ደግሞ ውሳኔ በእንስሳው ስም ላይ በተለጠፈ ቅጽል ሳይሆን በጉዳዩ ዝርዝር ላይ እንዲመሠረት የሚጠይቅ ነው። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በጥቂት ግዛቶች የዱር አሳማንና መሰል እንስሳትን ጎጂ ብሎ ሲያውጅ እንኳ ዐዋጁ ለተወሰነ ቦታና ለአንድ ዓመት ነበር። ያም ሆኖ ብርቱ ተቃውሞ አላጣውም፤ እኔም አልደግፈውም። ሆኖም ቅጽሉ ወሰንና ማብቂያ የነበረው መሆኑ ጸሐፊው ከሚሹት ልቅ ፈቃድ ይሻላል።

በዚያችው አገር የሆነውን ሌላ ነገር ደግሞ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 በኬረላ ግዛት አንዲት ዝሆን ፈንጂ የተቀበረበት ፍሬ ነክሳ አፏ ተቀደደ። እንዲህ ያለው ፍሬ በአካባቢው ለዱር አሳማ የሚጠመድ ነው። ዝሆኗ መብላት ስላልቻለች ወንዝ ውስጥ ገብታ፣ አፏንና ኩምቢዋን ውኃ ውስጥ ነክራ ቆመች። የደን ጠባቂዎች የሠለጠኑ ዝሆኖች አምጥተው ሊያወጧት ቢሞክሩም አልወጣችም፤ እዚያው እንደቆመች ሞተች። አስከሬኗ ሲመረመር እርጉዝ ነበረች። ዓለም ያዘነው ለዝሆኗ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የማስበው ስለ አሳማው ነው። ፈንጂው ለታሰበለት ቢደርስ ኖሮ ያው መንጋጋ፣ ያው ቁስል፣ ያው የቀናት ጣር ነበር፤ ፎቶግራፍ የሚያነሳው ግን ማንም አልነበረም።

ስለ አገዳደል ይህን ያህል የምጨነቀው መግደልን ሁሉ ስለምቃወም አለመሆኑን ግልጽ ላድርግ። ሰው የለመደና ሕፃን ያጠቃ አውሬ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት የሚያሳይ ቀበሮ፣ የእህል መጋዘን የወረረ የአይጥ መንጋ መገደል የሚኖርበት ጊዜ አለ፤ እኔም በዚሁ እጄ ብዙ እንስሳትን አሰናብቻለሁ። ሕግ ሊለይ የሚገባው ፈጥኖ የሚገድለውን ዘዴ አሰቃይቶ ከሚገድለው ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የዱር አጥቢ እንስሳት ሕግ፣ አላስፈላጊ ሥቃይ ለማድረስ በማሰብ የዱር አጥቢን መርገጥ፣ መደብደብ፣ በሚስማር መቸንከር፣ በሹል ነገር መውጋት፣ ማቃጠል፣ በድንጋይ መውገር፣ መጨፍለቅ፣ ውኃ ውስጥ ማስመጥ፣ መጎተትና ማፈን ወንጀል ናቸው። ዝርዝሩን ሳነብ፣ አርቃቂዎቹ እነዚህን ግሶች ከአእምሯቸው ያፈለቋቸው አይመስለኝም፤ አንድ ቦታ አንድ ሰው ያደረጋቸው ናቸው። አይጥም አጥቢ ናትና ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለችም።

ማስመጥን ነጥዬ ላንሳው፤ ደግ የሆኑ ሰዎች ጭምር ሲያደርጉት ስላየሁ ነው። በሽቦ ሳጥን የተያዘችውን አይጥ ከነሳጥኑ ባልዲ ውስጥ ይነክሩና «ቶሎ ያልቅላታል» ይላሉ። አያልቅላትም። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ስለ እንስሳት አገዳደል ባወጣው መመሪያ ማስመጥ ኢሰብአዊ መሆኑን፣ ሥቃይ አልባ አሟሟት ተብሎ ሊቆጠርም እንደማይችል በግልጽ አስፍሯል። በደንብ የተሠራና በትክክል የተጠመደ፣ አንገት ላይ የሚያርፍ የስፕሪንግ ወጥመድ ከዚያ እጅግ ይፈጥናል።

የባሰው የአይጥ ማጣበቂያ ነው። ወረቀት ላይ የተቀባ ሙጫ ብቻ ስለሆነ፣ ደምም መርዝም የሌለበት ንጹሕ ዘዴ መስሎ ይታያል፤ ልጆች ባሉበት ቤት የሚመረጠውም ለዚህ ይመስለኛል። የተጣበቀው እንስሳ ግን የሚሞተው በጥም፣ በድካምና በድንጋጤ ነው፤ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ ቀናትም ሊወስድ ይችላል። ለመላቀቅ ሲታገል ጠጉሩን ይነጫል፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ አንዳንዱ የገዛ እግሩን ያኝካል። አንድ ጊዜ ማጣበቂያው ላይ እንዳለ ይዘውልኝ የመጡት ወፍ ነበር፤ አንዱ ክንፉና ደረቱ ተለጥፈው፣ ነጻ በቀረው ክንፉ እየተርገበገበ። በምግብ ዘይት እያለሰለስሁ ላባውን አንድ በአንድ ሳላቅቅ ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ፤ ያመጡት ሰው ደግሞ አጠገቤ ቆመው «ለአይጥ ነበር፣ ለአይጥ ነበር» ይሉ ነበር። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ የዚህን ማጣበቂያ ሽያጭና አጠቃቀም ያለ ልዩ ፈቃድ ከልክላለች። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሽቦ ወጥመድ ጋር አብራ አገደችው። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ሲሠራ፣ ማጣበቂያውን መጠቀም የሚችለው የተለየ ፈቃድ የተሰጠው ባለሙያ ብቻ ሆኗል። እግር የሚነክሰው ባለ መንጋጋ የብረት ወጥመድ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የተከለከለ ነው። እነዚህን ሕጎች ያወጡት አገሮች አይጥ የሌለባቸው፣ ሰብል የማይበላባቸው አይደሉም።

ርኅሩኅ የሚመስለው ሌላው መንገድ፣ ማለትም እንስሳውን በሕይወት ይዞ ሩቅ ቦታ መልቀቅም እንደሚታሰበው የዋህ አይደለም፤ ይህን ስል አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። የተለቀቀው እንስሳ ውኃው የት እንዳለ፣ መደበቂያው የት እንደሆነ በማያውቀው ምድር፣ ቦታው ቀድሞ ከተያዘበት የራሱ ዘር ጋር እየተጣላ ይከርማል፤ ብዙው አይተርፍም። እናት ከሆነች ደግሞ ጫጩቶቿ ወይም ግልገሎቿ ጣሪያው ሥር ይቀራሉ፤ ከቀናት በኋላ ሽታው ይናገራል። በዚያ ላይ በሽታ አብሮ ይጓዛል። በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ብቻ ተወስኖ የነበረው፣ ራኩን በተባለ የዱር አጥቢ እንስሳ ላይ የሚታየው የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ዌስት ቨርጂኒያና ቨርጂኒያ ደርሶ፣ ከዚያ በምሥራቁ ዳርቻ ሁሉ ተዛመተ፤ ምክንያቱም አዳኞች ከደቡብ ራኩን እያመጡ በመልቀቃቸው መሆኑ ታውቋል። ብዙ ግዛቶች የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ከቦታ ቦታ ማዘዋወርን የከለከሉት ያለ ነገር አይደለም።

የእብድ ውሻን በሽታ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የዱር እንስሳ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ክትባት ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ የበሽታው ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። እንስሳውን በባዶ እጅ ለመያዝ መሞከር ደግሞ ለዚህ አደጋ ራስን ማጋለጥ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ አሰልቺና ርካሽ ነው። እንስሳው የመጣው ምግብ፣ ውኃ ወይም መጠለያ አግኝቶ ነው። ያ እስካልተነሣ ድረስ የዛሬውን ብንገድል ባዶው ቦታ ሌላውን ይጠራል፤ ቆሻሻ ክፍት ተጥሎ ጅብ የሚያማርር፣ የእህል ማስቀመጫው ተበስቶ አይጥ የሚያማርር ሰው የሚያባርረው የራሱን ጥሪ ነው። በእርሻ በኩል ደግሞ ከመግደል ይልቅ የሠሩ ብልሃቶች አሉ። ዝሆን ንብ እንደሚፈራ የተረዱ ተመራማሪዎች በኬንያ በማሳ ዙሪያ ቀፎዎችን በሽቦ አያይዘው አጥር አደረጓቸው፤ ዝሆኑ ሽቦውን ሲነካ ቀፎዎቹ ይወዛወዛሉ፣ ንቦቹ ይወጣሉ፣ ገበሬውም ከማሩ ይጠቀማል። በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ የሚኖር ሪቻርድ ቱሬሬ የተባለ የማሳይ ታዳጊም በበረቱ ዙሪያ ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች ተክሎ አንበሶቹን አራቀ፤ ሰው ፋኖስ ይዞ የሚዞር ይመስላቸዋል። ሁሉም ቦታ ይሠራል አልልም፤ አውሬም ይማራልና መብራቱን የሚለምድበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ግን ሌላ አጥጋቢ መፍትሔ የለም ከማለት በፊት ሊሞከሩ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትና እኔም የምደግፋቸው አንድ ነገር አለ። የዱር እንስሳ የሁሉም ሀብት ነው እየተባለ፣ ኪሳራውን የሚሸከመው በአጠገቡ የሚኖረው ድሀ ብቻ ነው። አትግደል የሚል ሕግ ካሣ የሚባለውን ነገር ሳይጨምር ሲመጣ፣ ገበሬው ቀን ሕጉን አክብሮ ሌሊት መርዙን ያስቀምጣል። የኬንያ የዱር እንስሳት ጥበቃና አስተዳደር ሕግ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ በአውሬ ለተገደለ ሰው ቤተሰብ 5 ሚሊዮን ሽልንግ ካሣ ደንግጓል፤ ለአካል ጉዳት፣ ለሰብልና ለከብትም የተለየ ድንጋጌ አለው። ክፍያው እጅግ እየዘገየ ብዙዎችን ማስመረሩም የታወቀ ነው፤ ተፈርዶ ያልተከፈለ ካሣ ደግሞ ካልተፈረደው ይልቅ ያስቆጣል። ስለዚህ ሕግ አውጪዎችን የምጠይቀው ሁለቱን አንድ ላይ እንዲያመጡ ነው፤ የጭካኔ ዘዴዎችን በስማቸው ዘርዝረው ይከልክሉ፣ ለተጎዳው ደግሞ ደውሎ የሚያገኘው የሠለጠነ ሰው እና በወቅቱ የሚከፈል ካሣ ያዘጋጁለት። አንዱ ያለ ሌላው ወረቀት ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት፣ በጣሪያቸው ሥር ያሉትን የሌሊት ወፎች ሰዎች እንዳይነኩ እየተባለ እርሳቸው ታዲያ ምን እንዲያደርጉ እንደሚጠበቅ በመጠየቅ ነበር። ጥያቄያቸው ቀጥተኛ ስለሆነ በቀጥታ ልመልስ። የሌሊት ወፎች በብዙ አገሮች በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ በብሪታንያ ወፎቹ ለጊዜው በማይኖሩበት ወቅት እንኳ ማደሪያቸውን ማፍረስ ክልክል ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚመለከተውን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ከተፈቀደ፣ አመሻሹ ላይ ከቤትዎ ውጭ ቆመው በየትኛው ቀዳዳ እንደሚወጡ ይዩ። ግልገሎቻቸው ገና መብረር የማይችሉ ከሆነ ምንም አይንኩ፤ መብረር እስኪጀምሩ ጥቂት ሳምንታት ይታገሡ። ከዚያ ሌሎቹን ስንጥቆች ሁሉ ይድፈኑ፣ በዋናው መውጫ ላይ ግን ከላይ ብቻ የተያዘና ከታች የተለቀቀ መረብ ያንጠልጥሉ፤ ሲወጡ ተንሸራተው በሥሩ ያልፋሉ፣ ሲመለሱ መግቢያው አይገኝላቸውም። ለተከታታይ ምሽቶች ቆመው ማንም አለመውጣቱን ካረጋገጡ በኋላ መረቡን አንሥተው የመጨረሻውን ቀዳዳ ይድፈኑት። ኮርኒሱ ላይ የተጠራቀመውን ኩስ ሲያጸዱ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ አቧራው እንዳይነሣም አስቀድመው ውኃ ይርጩበት።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የእንስሳት ሐኪም